ስለ ባቡር ማደሻ ቤት

ሰው አዲስ ነገር ሲሠራ ደስ ይለዋል፤ የተሠራውን መጠበቅ ግን ይታክተዋል። ሐዲድ በተመረቀ ቀን ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፥ ንግግርም ይደረጋል፤ ባቡሩ ማታ ገብቶ የሚያድርበትንና የሚታደስበትን ቤት የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን የባቡር ዕድሜ የሚረዝመውም የሚያጥረውም በዚህ ቤት ነው።

ለዚህ ነገር በአገራችን ምስክር አለ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለሙሴ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራውም በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ያ 784 ኪሎ ሜትር መንገድ ብዙ ዘመን ያገለገለው በሐዲዱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ በድሬዳዋ የተሠራው ትልቅ ማደሻ ቤት ስለ ደገፈው ነው። በዚያ ባለ ሙያዎቹ ብረት እየቀጠቀጡና በቶርኖ እየቀረጹ ያረጀውን ዕቃ በገዛ እጃቸው ይተኩ ነበር፤ ወጣቱም ከሽማግሌው ሙያ ይማር ነበር።

ዛሬ ዘመኑ ሌላ ነው። በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያና የጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ የዚህ ዓይነት ባቡር ማደሻ ቤትም ለዚሁ የተገባ ሊሆን ያስፈልገዋል። አስቀድሞ ባቡሩ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ቦታው ሰፊና ሜዳ ይሁን። ሠራተኛው ከሥር ቆሞ ፍሬኑንና የመንኰራኵሩን ዘንግ እንዲመረምር ሐዲዱ በጕድጓድ ላይ ይዘርጋ። ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ክንድ በጣሪያው ላይ ስላለም ከፍ ያለ መረማመጃ ይሠራለት። የሽቦው ኃይል 25,000 ቮልት ነውና፥ ኃይሉ ተቋርጦ ሽቦው ከምድር ጋራ ሳይያያዝ ማንም ወደዚያ አይውጣ፤ በዚህ ቸልታ የሚጠፋው የሰው ነፍስ ነው።

መንኰራኵር ከሐዲድ ጋራ ሲፋተግ ይበላል፤ ፍሬን አጥብቆ ሲይዘውም ተንሸራቶ አንድ ጐኑ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጠፍጣፋውም በዞረ ቍጥር ሐዲዱን እንደ መዶሻ ይመታዋል፤ ሁለቱም አብረው ይጐዳሉ። ስለዚህ በጕድጓድ ውስጥ የሚተከል ቶርኖ አለ፤ መንኰራኵሩ ሳይፈታ ከሥር ሆኖ ክብነቱን ይመልስለታል። ሠረገላውን የሚያነሡት ክሪኮችም በአንድነት የሚሠሩ ይሁኑ፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ቢዘገይ ሠረገላው ይጣመማልና።

ነገር ግን ከመኪናው ሁሉ የሚበልጡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም መዝገብ፥ የመለዋወጫ ግምጃ ቤትና የተማረ ሰው ናቸው። ባቡሩ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሄደ በመዝገብ ከተጻፈ፥ ጊዜው ሲደርስ ሳይሰበር ይመረመራል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህንኑ ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በቃሊቲና በአያት ማደሻ ቤቶች ነበሩት፤ ሆኖም ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ ጥቂት ዓመታት ሳይቈዩ በመለዋወጫ ዕጦት ቆሙ። እንግዲህ ግድግዳና ጣሪያ ብቻውን ባቡር እንደማይጠግን ከዚህ ይታወቃል።

የኢትዮጵያና የጅቡቲ ባቡር አስተዳደር በ2016 ዓ.ም. ከቻይና ኩባንያዎች ወደ ሁለቱ አገሮች እጅ ስለ ተላለፈ፥ ሸክሙ ዛሬ በራሳችን ትከሻ ላይ ነው። መጽሐፍ በብራና የሚያስጽፍ ሰው ማኅደሩንም አብሮ ያሰፋል፤ ቆዳው ባይለብሰው የጸሐፊው ድካም ለዝናምና ለምስጥ ይቀራልና። በጀት የሚጽፉ ሹማምንትም ሐዲዱን በጻፉበት ገጽ ላይ ማደሻውን፥ መለዋወጫውንና የሠራተኛውን ትምህርት አብረው ይጻፉ። ይህ ያልተጻፈለት ባቡር በተመረቀበት ቀን ማርጀት ጀምሯል።