የባሮክ ዘመን የፍሉት ሶናታ ለፍሉትና ለክር መሣሪያዎች እንዴት ይቀናበራል?

በአውሮፓ የሙዚቃ ታሪክ እ.ኤ.አ. ከ1600 እስከ 1750 ገደማ ያለው ጊዜ የባሮክ ዘመን በመባል ይታወቃል። በዚህ ዘመን ለአንድ ፍሉትና ለአጃቢ በርካታ ሶናታዎች ተደርሰዋል። እነዚህን ድርሰቶች ፍሉት ከቫዮሊን፣ ከቪዮላና ከቼሎ ጋር እንዲጫወታቸው አድርጎ ማቀናበር ይቻላል፤ ሆኖም አቀናባሪው በወረቀት ላይ ያልሰፈረውንም ማንበብ ይጠበቅበታል።

ፍሉት እንደ ዋሽንት የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ዋሽንት ከጫፉ ሲነፋ ፍሉት ግን አግድም ተይዞ በጎኑ ይነፋል። የባሮክ ዘመን ፍሉት ከእንጨት ይሠራ የነበረ ሲሆን፣ ዝቅተኛ ድምፆቹ ለስላሳና በቀላሉ የሚሸፈኑ ናቸው።

የቁጥሮቹ ትርጉም

የዮሐን ሰባስቲያን ባክን የኢ ማይነር የፍሉት ሶናታ ለአብነት እንመልከት። ድርሰቱ አራት ክፍሎች ቢኖሩትም የተጻፈው በሁለት መስመሮች ብቻ ነው፤ አንደኛው የፍሉቱ ዜማ፣ ሁለተኛው የባሱ መስመር ነው። እንዲህ ባሉ ድርሰቶች በመካከል ያለውን ኅብረ ድምፅ የሚሞላው የሃርፕሲኮርድ ተጫዋቹ ሲሆን፣ መመሪያው ከባሱ ጋር የሚጻፉ ቁጥሮች ናቸው። ለምሳሌ ከባሱ "ሶል" ጋር 6 ቁጥር ቢጻፍ፣ ተጫዋቹ ከሶል ተነሥቶ ሲቆጥር ሦስተኛ የሚሆነውን "ሲ" እና ስድስተኛ የሚሆነውን "ሚ" ይጨምራል።

የአቀናባሪው ዋና ተግባር እነዚህን የመካከል ድምፆች ለክር መሣሪያዎች ማከፋፈል ነው። የፍሉቱ ዜማ እንዳለ ይቆያል፤ ባሱን ቼሎ ይይዛል፤ ቀሪዎቹን ድምፆች ቫዮሊንና ቪዮላ ይካፈላሉ።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

የመጀመሪያው የድምፅ ሚዛን ነው። ፍሉቱ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲጫወት ቫዮሊኖች በዚያው ከፍታ ላይ ከተጻፉ ዜማው ይዋጣል። ስለሆነም አጃቢዎቹን ዝቅ ማድረግ፣ ቁጥራቸውን መቀነስ ወይም በደጋን ፋንታ ክሩን በጣት እንዲመቱ ማድረግ ይመረጣል።

ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። የክር መሣሪያ ተጫዋች ደጋኑን እያመላለሰ ያለማቋረጥ ሊጫወት ሲችል፣ የፍሉት ተጫዋች ግን አየር መሳብ አለበት። አጃቢዎቹ ረዥም ድምፅ ብቻ ይዘው ከቀጠሉ፣ ለትንፋሽ የሚቆመው ጊዜ እንደ ጉድለት ይሰማል። በዚያ ቦታ ለቫዮሊን አጭር ምላሽ መስጠት ክፍተቱን የዜማው አካል ያደርገዋል።

ሦስተኛው ልክን ማወቅ ነው። ሃርፕሲኮርድ የሚያወጣው ድምፅ ወዲያው ይከስማል፤ የቫዮሊን ድምፅ ግን ደጋኑ እስካልቆመ ድረስ ይዘልቃል። በመሆኑም የሃርፕሲኮርዱን ኅብረ ድምፅ አንድም ሳያስቀሩ ወደ ክር መሣሪያዎች መገልበጥ ሙዚቃውን ያከብደዋል።

እንዲህ ያለው ቅንብር የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። አርካንጄሎ ኮሬሊ እ.ኤ.አ. በ1700 ያሳተማቸውን የቫዮሊን ሶናታዎች ፍራንቼስኮ ጄሚኒያኒ ለክር መሣሪያዎች ቡድን አቀናብሯቸዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስቱም እ.ኤ.አ. በ1726 ለንደን ውስጥ ታትመዋል።

ቅንብሩ ሲጠናቀቅ በቀላሉ ሊፈተሽ ይችላል። በቅድሚያ ፍሉትና ቼሎ ብቻቸውን ይጫወቱ፤ ቀጥሎም ሌሎቹ ይጨመሩ። ፍሉቱ በሁለቱም ጊዜ እኩል ጎልቶ ከተሰማ፣ የተጨመረው ድምፅ ድርሰቱን ደግፏል ማለት ነው፤ ከደበዘዘ ግን ከአጃቢዎቹ የሚቀነስ ድምፅ አለ።