ትንፋሻችሁን ስትይዙ «በቃ!» የሚለው ማነው?

ወንዝ ዳር ወይም የመዋኛ ገንዳ አካባቢ ያደገ ልጅ ይህን ውድድር ያውቀዋል። ሁሉም እኩል ይጠልቃል፤ መጨረሻ ላይ ብቅ ያለው ያሸንፋል። ታዲያ «ዘዴ አውቃለሁ» የሚል አንድ ታላቅ ልጅ አይጠፋም። «ከመግባታችሁ በፊት ቶሎ ቶሎ፣ በኃይል ተንፍሱ፤ ኦክስጅን ታጠራቅማላችሁ» ይላል። ዘዴው በእርግጥ ውሃ ውስጥ ያስቆያል። ምክንያቱ ግን ልጁ እንዳለው አይደለም። ይህን አለማወቅ ደግሞ ጎበዝ ዋናተኞችን ሳይቀር ገድሏል።

እስቲ አሁን ደረቅ መሬት ላይ ቁጭ ብላችሁ ትንፋሻችሁን ያዙ። መጀመሪያ ምንም አይመስልም። ትንሽ ቆይቶ ደረታችሁ መጨነቅ ይጀምራል፤ በመጨረሻም ወደዳችሁም ጠላችሁም ትተነፍሳላችሁ። «ኦክስጅን አልቆብኝ ነው» ትሉ ይሆናል። አይደለም። በዚያች ቅጽበት ደማችሁ ውስጥ ገና ብዙ ኦክስጅን አለ። በዋናነት ያስጨነቃችሁ የጎደለው ሳይሆን የሞላው ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴሎቻችን ከምግብ ጉልበት ሲያወጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል። ይህ ጋዝ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። የአምቦ ውሃ ምላስ ላይ ቆንጠጥ የሚያደርገው ይኸው አሲድ ነው። ጋዙ ከደም ወጥቶ አንጎልን ወደከበበው ፈሳሽ በቀላሉ ስለሚያልፍ ፈሳሹ በትንሹ ይኮመጥጣል። በአንጎል ግርጌ፣ ሕብለ ሰረሰር በሚጀምርበት አካባቢ፣ ሜዱላ ኦብሎንጋታ የሚባል ክፍል አለ። እዚያ ያሉ ሴሎች ኮምጣጣነቱን ያነባሉ፤ ከጨመረ የደረት ጡንቻዎችንና ድያፍራምን «ተንፍሱ!» ብለው ያዛሉ። እናንተ ተኝታችሁም ቢሆን ሥራው አይቋረጥም። ላምም፣ ውሻም፣ አይጥም የሚተነፍሱት በዚሁ አሠራር ነው።

የሚገርመው ይህ መለኪያ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ነው። በጤነኛ ሰው ደም ቅዳ ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። በ2 ወይም በ3 ብቻ ከፍ ቢል የምንተነፍሰው አየር እጥፍ ሊሆን ይችላል። የኦክስጅን ግፊት ግን ከ95 ገደማ ተነስቶ ወደ 60 እስኪወርድ ድረስ ሰውነታችን ያን ያህል አይደነግጥም። ቸልተኝነት እንዳይመስላችሁ፤ ግፊቱ 60 ላይ ሲደርስም ሄሞግሎቢን ከሚችለው ጭነት 90 በመቶ ያህሉን እንደያዘ ነው።

ይህን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሚና በ1905 በግልጽ ያሳዩት ጆን ስኮት ሃልዴንና ባልደረባው ፕሪስትሊ ናቸው። ሃልዴን በራሱ ሰውነት ላይ በመሞከር የታወቀ ሳይንቲስት ነበር (ይሄን እንኳ አትኮርጁት)።

ኦክስጅንንስ የሚጠብቅ የለም ማለት ነው? አለ። አንገታችሁ ላይ የልብ ምት በጣት የሚዳሰስበት ቦታ አጠገብ፣ በግራም በቀኝም፣ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ጠባቂዎች አሉ። ቤልጅጋዊው ኮርኔይ ሄይማንስ በ1938 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ ዙሪያ ባደረገው ምርምር ነው። ከቆላ ተነስታችሁ ስሜን ተራሮች ብትወጡ ቶሎ ቶሎ የሚያስተነፍሷችሁ እነሱ ናቸው። ግን ቶሎ ቶሎ ስትተነፍሱ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ተጠርጎ ይወጣል፤ ያኔ ሜዱላ «ኧረ ቀስ!» ይላል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ሲይዝ፣ ለከፍታው አዲስ የሆነ ሰው ሌሊት ትንፋሹ ቆም፣ ቀጠል ሊል ይችላል። ኩላሊት የደሙን ኬሚስትሪ አስተካክሎ ሁለቱን እስኪያስማማቸው ቀናት ይፈጃል።

አሁን ወደ ዋናተኛው ልጅ እንመለስ። በኃይል ሲተነፍስ ኦክስጅን አላጠራቀመም ማለት ይቻላል፤ ሄሞግሎቢኑ ድሮም ሞልቶ ነበር። ያደረገው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ማራገፍ ነው። በሌላ አነጋገር የማንቂያ ደወሉን አዘግይቶታል። ውሃ ውስጥ ሆኖ ኦክስጅኑ ይወርዳል፣ ይወርዳል፤ ደወሉ ግን ገና አልጮኸም። ልጁ ምንም ሳይጨንቀው ራሱን ይስታል። ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ ውሃ ውስጥም ቢሆን ይተነፍሳል። ዳር ላይ ያሉት ጓደኞቹ እስካሁን እያሸነፈ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ጓደኛችሁ ከመጥለቁ በፊት በኃይል መተንፈስ ከጀመረ አስቁሙት።

ደወሉ ጨርሶ የማይጮህበት ሌላ ቦታ ደግሞ እቤታችን ነው። በክረምት ብርድ፣ በርና መስኮት ተዘግቶ የከሰል ምድጃ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ሽታ የለውም፣ አይታይም። ከሄሞግሎቢን ጋር ያለው ቁርኝት ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበረታል፤ ስለዚህ የኦክስጅኑን ቦታ ይቀማል። የአንገት ጠባቂዎቹ የሚለኩት በደሙ ፈሳሽ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን እንጂ ሄሞግሎቢን የተሸከመውን አይደለም። የሟሟው ደግሞ ደህና ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱም አልጨመረም። እናም ሁለቱም ጠባቂዎች «ሰላም ነው» ይላሉ። ሰውዬው ትንፋሽ አያጥረውም፤ ራሱን ያመዋል፣ ያጥወለውለዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። «ደክሞኝ ነው» ብሎ ጋደም ይላል።

ከሰል በነደደበት ቤት ውስጥ እናንተን ራስ ምታት፣ እህታችሁንም ማጥወልወል በአንድ ጊዜ ከጀመራችሁ፣ ትንፋሻችሁ ደህና መሆኑን ምልክት አድርጋችሁ አትያዙት። መጀመሪያ ሁላችሁም ውጡ፤ በሩንም ክፍቱን ተዉት።