ትኩሱ በፈቃድ፣ ቀዝቃዛው በነፃ

ለንደን ውስጥ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ቀዝቃዛ ሳንድዊች የሚሸጥ ሰው የሌሊት ምግብ ፈቃድ አያስፈልገውም። ያንኑ ሳንድዊች አሙቆ ከሸጠ ግን ያለ ፈቃድ በመነገድ ሊከሰስ ይችላል፤ ቅጣቱም ጣሪያ ያልተበጀለት መቀጮ፣ እስከ 6 ወር የሚደርስ እስር ወይም ሁለቱም ነው። ዳቦው ያው፣ ሥጋው ያው፤ ልዩነቱ ሙቀቱ ብቻ ነው።

ነገሩ የሚመነጨው እ.ኤ.አ. በ2003 ከወጣው የፈቃድ አሰጣጥ ሕግ ነው። ሕጉ በእንግሊዝና በዌልስ ሥራ ላይ የዋለው በኖቬምበር 24 ቀን 2005 ሲሆን፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ለሕዝብ ትኩስ ምግብ ወይም ትኩስ መጠጥ የሚሸጥ ሁሉ ከአካባቢው ካውንስል ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። (እንግሊዞች «ከ11 እስከ 5» ይሉታል፤ በእኛ አቆጣጠር ከ5 እስከ 11 ነው። ቁጥሩ ተገልብጦ ስለሚገጥም ለሐበሻ ነጋዴ ለማስታወስ ይመቻል፤ ለማምታታትም አያንስም።)

ከሕጉ ለማምለጥ ብልሃት የሚፈልግ ብዙ ቀዳዳ አያገኝም። ምግቡን ቀዝቃዛ ሸጦ ደንበኛው ራሱ እንዲያሞቀው ጥግ ላይ ማይክሮዌቭ ማስቀመጥ አያድንም፤ ይህም «ትኩስ» ተብሎ ይቆጠራል። በነፃ የሚታደልና የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት የሚያቀርበው ግን ከሕጉ ውጭ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው የመኪናው ጉዳይ ነው፦ ቆሞ የሚሸጥ መኪና ፈቃድ ይጠየቃል፣ እየተንቀሳቀሰ የሚሸጥ አይጠየቅም። እየነዱ ኬባብ ለመቁረጥ የሞከረ መኖሩ መቼም ያጠራጥራል።

ሌሊት የሚበላበትን ቤት በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ ለእንግሊዝ አዲስ አይደለም። በ1860 የወጣው ሕግ እነዚህን ቤቶች ፈቃድ አስጠይቋል፤ ባለቤቶቹም ሰካራምና ሌባ እንዳይሰበሰብባቸው አስገድዷል። በ1969 የወጣው ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ክፍት የሚሆኑትን ይመለከት ነበር። ከጥንትም የባለሥልጣኑ ስጋት በምግቡ ላይ አልነበረም፤ ምግቡን ፍለጋ በሚመጣው ሰው ላይ ነው።

ዛሬም ያው ነው። ካውንስሉ ማመልከቻ ሲመረምር የሚያያቸው ጉዳዮች አራት ናቸው፦ ወንጀልና ሁከትን መከላከል፣ የሕዝብ ደኅንነት፣ ጎረቤትን የሚያውክ ነገር እንዳይኖርና ሕፃናትን ከጉዳት መጠበቅ። የኬባቡ ጣዕም፣ ጤናማነቱ፣ መንገዱ ላይ ካሉ ተመሳሳይ ቤቶች ጋር ገበያ መሻማቱ የፈቃድ ጉዳይ አይደለም። አመልካቹ በሱቁ በር ላይ ሰማያዊ ማስታወቂያ ለ28 ቀን ይለጥፋል፣ በአካባቢው ጋዜጣም ያሳውቃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፖሊስ፣ የአካባቢ ጤና ቢሮ ወይም ነዋሪ ተቃውሞ ካላቀረበ ካውንስሉ ፈቃዱን መከልከል አይችልም፤ መስጠት ግዴታው ነው። ተቃውሞ ከመጣ ግን ሦስት የካውንስሉ ተመራጮች ተቀምጠው ሁለቱንም ወገን ይሰማሉ።

እውነተኛው ክርክር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ነዋሪው የሚያመጣው አቤቱታ ስለ ሱቁ ውስጥ አይደለም፤ ስለ አስፋልቱ ነው። ጩኸት፣ የተጣለ ካርቶን፣ ግድግዳ ላይ የተሸና ሽንት፣ የመኪና በር ሲዘጋ የሚሰማ ድምፅ። ባለሱቁ ደግሞ ሰውየው የሰከረው እኔ ጋ አይደለም ብሎ ይመልሳል፤ እውነቱንም ነው። አልኮሉን የሸጠው ፐብ ዘግቶ ሄዷል፤ ከአልኮሉ የሚገኘውን ትርፍ ያልቀመሰው ቺፕስ ሻጭ የሰካራሙ የመጨረሻ አስተናጋጅ ሆኖ ይቀራል። የሥርዓቱ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፦ ሌሊቱን ሙሉ የተጠራቀመ ሒሳብ የሚጠየቀው መጨረሻ የዘጋው በር ነው። ሆኖም ከሱቁ በላይ የሚተኛው ሰው እንቅልፍም ቀልድ አይደለም፤ ነገ ሥራ አለው።

ብልህ ካውንስል ስለዚህ ከመከልከል ይልቅ ቅድመ ሁኔታ ያበዛል። የደኅንነት ካሜራ ይኑር፣ ቅጂው ለ31 ቀን ይቀመጥ፤ ሱቁ ሲዘጋ ከፊት ለፊቱ ያለው ቆሻሻ ይጠረግ፤ ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ፈቃድ ያለው ጥበቃ በር ላይ ይቁም። የመጨረሻው ለትልቅ ሰንሰለት ምግብ ቤት ትንሽ ወጪ ነው፤ ባልና ሚስት ለሚያንቀሳቅሱት ሱቅ የሌሊቱን ትርፍ ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል። የማመልከቻው ክፍያ ራሱ እንደ ቤቱ ግምት ከ100 እስከ 635 ፓውንድ ነው፣ ከ2005 ጀምሮም አልጨመረም። ኪስ የሚጎዳው የጠበቃውና የጥበቃው ነው።

ፍርሃት ብቻውን ማስረጃ ይሆናል ወይ? በ2008 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዊረል አካባቢ በሚገኝ አንድ መጠጥ ቤት ጉዳይ ላይ ለዚህ መልስ ሰጥቶ ነበር። ቤቱ የተራዘመውን ሰዓት ለወራት ሲጠቀም ችግር አልፈጠረም፤ የበታች ፍርድ ቤቱ ዳኞች ግን ይህን ትተው የነዋሪዎችን ስጋት ተከትለው ሰዓቱን ቆረጡበት። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። በ2011 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በሶሆ ስለሚገኝ ሌላ መጠጥ ቤት ሲወስን፣ ይግባኝ ሰሚው የካውንስሉን ውሳኔ ስህተት መሆኑን ካላመነ በቀር መለወጥ እንደሌለበት አስረገጠ። ሁለቱም ስለ መጠጥ ቤት ቢሆኑም ሕጉ አንድ ስለሆነ የኬባብ ሻጩም ጠበቃ፣ የካውንስሉም ጠበቃ የየራሱን ይጠቅሳል።

ከ2017 ወዲህ የመጣ ሌላ ለውጥ ስደተኛ ነጋዴዎችን በቀጥታ ይነካል። ከዚያ ዓመት ኤፕሪል ጀምሮ በብሪታንያ የመሥራት መብት የሌለው ግለሰብ ለአልኮልም ሆነ ለሌሊት ትኩስ ምግብ ፈቃድ ማግኘት አይችልም፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱም እንደ ፖሊስ ሁሉ አስተያየት ሰጪ ሆኗል። ወረቀት የሌላቸውን ሠራተኞች ቀጥሮ የተገኘ ሱቅ ፈቃዱ እንደገና እንዲመረመር ሊጠየቅበት ይችላል። ስለ ጩኸትና ስለ ቆሻሻ የተጻፈው ሕግ በዚህ መንገድ የኢሚግሬሽን መሣሪያም ሆኗል።

ሕጉ ሲረቀቅ ያልታሰበው ደግሞ በስልክ የሚመጣው ትእዛዝ ነው። አሁን ከሱቁ ፊት ለፊት የሚሰለፈው ደንበኛ ብቻ አይደለም፤ ትእዛዝ የሚጠብቁ ሞተረኞችም ናቸው። በሩ ለደንበኛ ተዘግቶ በሞተረኛ እጅ ብቻ የሚወጣ ትኩስ ምግብም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ምግቡን የሚበላው ቤቱ ሆኖ ጩኸቱ የሚሰማው ሱቁ አጠገብ ላለው ነው፤ ስለዚህም ካውንስሎች ሞተር አብርቶ መቆምን የሚከለክሉ ቅድመ ሁኔታዎች መጨመር ጀምረዋል።

የላዕላይ ምክር ቤት ኮሚቴ በ2017 ሕጉ ከመሠረቱ ጉድለት አለበት ብሎ፣ የፈቃድ ጉዳይ ወደ ግንባታ ፕላን ኮሚቴዎች እንዲዛወር ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ መንግሥት ግን አልተቀበለውም። በ2025 ደግሞ የለንደን ከንቲባ ለከተማዋ ስትራቴጂያዊ ጠቀሜታ ያላቸውን ማመልከቻዎች ከካውንስሎች ወስዶ የሚወስንበት ሙከራ እንደታሰበ ተነገረ። በሠፈር ጥግ ያለው የቺፕስ ሱቅ ግን ስትራቴጂያዊ ነው ብሎ የሚከራከርለት አይገኝም።

ለእሱ የቀረው መንገድ 21 ፓውንድ የሚከፈልበት ጊዜያዊ ማሳወቂያ ነው። በዚህ ወረቀት ሱቁ በአንድ ጊዜ እስከ 168 ሰዓት ድረስ ትኩስ ምግብ በሌሊት መሸጥ ይችላል፤ ሊቃወሙት የሚችሉትም ፖሊስና የአካባቢ ጤና ቢሮ ብቻ ናቸው። ጥቂት የበዓል ሰሞናት በሰላም ካለፉ፣ ሦስቱ ተመራጮች ፊት ሲቀርብ በእጁ የሚይዘው ማስረጃ ይኖረዋል።