ከልደት እስከ ቡስተር፦ ርካሹ ካር ሲት ይበቃል?

የካር ሲት ቴክኒሺያን ስለሆንኩ አሜሪካ ያሉ የሐበሻ ወላጆች "ርካሹን ብገዛ ልጄን እበድላለሁ?" ይሉኛል። አትበድሉም። እዚህ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥ አዲስ ካር ሲት ሁሉ፣ የ100 ዶላሩም የ400ውም፣ አንድ ዓይነት የፌዴራል ደረጃ ማሟላት አለበት። ትርፉ ገንዘብ ባብዛኛው የሚሄደው ለጨርቁ፣ ለኩባያ ማስቀመጫውና ለአገጣጠም ቅለት ነው።

ከሳጥኑ ላይ መጀመሪያ የምፈልገው ልጁ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚቀመጥበትን የክብደት ጣሪያ ነው። 40 ፓውንድ ጥሩ ነው፤ 50 ከተገኘ ይመረጣል። የሕፃን ጭንቅላት ከባድ፣ አንገቱ ለጋ ነው፤ ወደ ኋላ ሲዞር የግጭቱን ጉልበት ወንበሩ ከጀርባው ይቀበልለታል። ስለዚህ "ዓመት ሞላው፣ እግሩም ታጠፈ" ብላችሁ ወደ ፊት አታዙሩት፤ የወንበሩ የክብደት ወይም የቁመት ልክ እስኪሞላ ይቆይ።

ለአራስ ከሆነ ዝቅተኛው የማሰሪያ ቀዳዳ ከትከሻው እኩል ወይም በታች መዋል አለበት። አንዳንድ ርካሽ ወንበሮች ላይ ግን ይህ ቀዳዳ ለአራስ ከፍ ይላል። ደግሞ ከልደት እስከ ቡስተር የሚያገለግለው ወንበር ልጁን እንደያዘ ከመኪና እየወጣ አይንጠለጠልም፤ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖሩ አስቡበት።

ያገለገለ ከሰጧችሁ አደጋ ማየት አለማየቱን ጠይቁ፣ የተለጠፈበትንም የማብቂያ ቀን እዩ። የማታውቁት ሰው የሚሸጠውን እኔ አልነካም።

ከገጠማችሁት በኋላ ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዛችሁ ወዝውዙት፤ ከ1 ኢንች በላይ ከተንቀሳቀሰ ላልቷል። የልጁን ማሰሪያ ትከሻው ላይ ቆንጥጡ፤ በጣታችሁ ከተያዘ አጥብቁት። ወፍራም ጃኬት ግን አስቀድማችሁ አውልቁለት።