የሚወጋው የጠፋ መርፌ

መድኃኒት ቤት ወረፋ ይዤ ሳለ ከፊቴ የነበረች እናት ባለሙያውን ‹‹መድኃኒቱንስ አገኘሁት፤ የሚወጋልኝ ነው ያጣሁት›› ስትለው ሰማሁ። አሥር ዓመት የሚሆናት ልጇ ሩማቲክ የልብ ሕመም አለባት። በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔንሲሊን ትወጋለች። የሰፈሯ ጤና ጣቢያ ‹‹ሆስፒታል ውሰጃት›› ይላል፤ የግል ክሊኒኩ ደግሞ ‹‹ኃላፊነት አንወስድም››።

ነገሩ አላስቀምጥ ቢለኝ ይህን መርፌ ለዓመታት ለሕሙማን ስትወጋ የኖረች ነርስ ፈልጌ አገኘሁ። ‹‹ወፍራም ነው፤ በደንብ ካልተመታ መርፌውን ይደፍነዋል። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እናቱ ታለቅሳለች፣ የኔም ልብ ድው ድው ይላል። በእጄ ሰው ሞቶብኝ አያውቅም። እንትን ጤና ጣቢያ ሞተ ሲባል ግን ሰምቻለሁ፤ እሱ ይበቃል።›› አለርጂ ቢነሳ የሚሰጠው አድሬናሊን የለም ወይ? ‹‹አለ እንጂ! ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት። ቁልፉ ምሳ የወጣ ሰው ኪስ ውስጥ ነው።››

የመርፌው ታሪክ ግን ደስ ይላል። በአሜሪካ ዋዮሚንግ በአንድ የጦር ካምፕ የነበሩ ሐኪሞች ጉሮሯቸው ለቆሰለ ወታደሮች ፔንሲሊን ሰጡ። መድኃኒቱን ያገኙት የጉሮሮ ቁስሉን ተከትሎ ከሚመጣውና ልብን ከሚጎዳው ሩማቲክ ትኩሳት በአብዛኛው መትረፋቸውን በ1950 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አሳተሙ። ብዙም ሳይቆይ ቤንዛቲን መጣ። ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ለሳምንታት ጥቂት በጥቂት ወደ ደም የሚገባ ነው። 70 ዓመት አልፎታል፣ ተተኪ ግን አልተገኘለትም። በ2021 ይፋ በሆነ የሰሜን ኡጋንዳ ጥናት፣ የልባቸው ጉዳት ገና ምልክት ካላሳየ ልጆች መካከል ለ2 ዓመት ከተወጉት 0.8 በመቶው ብቻ ሲባባስባቸው፣ ካልተወጉት 8.2 በመቶው ብሶባቸዋል። በሽታውን ከአፍሪካ ለማጥፋት በ2015 የወጣው ሰነድማ በከተማችን በአዲስ አበባ ስም የሚጠራ ነው፤ ቤንዛቲን ሳይቋረጥ እንዲቀርብ ይጠይቃል። ቀርቧል፤ ብልቃጡ እናትየዋ እጅ ላይ ነበር።

የነርሷ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 እንዳሳሰበው፣ ልባቸው ክፉኛ የተጎዳ ሕሙማን ከመርፌው በኋላ ሲሞቱ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አለርጂ ሳይሆን የደከመው ልብ ራሱ ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ የሚዋጥ ፔንሲሊን ይሻላል። ስለዚህ መፍትሔው ሕሙማኑን መለየት ነበር፤ እኛ ጋ ግን ሁሉም በአንድ ላይ ይመለሳሉ። ታዲያ ወጊዎችን ማሠልጠን የማን ሥራ ነው? አንድ የጤና ቢሮ ኃላፊ ጥያቄዬን እስከመጨረሻው ሰምተው ‹‹በደብዳቤ ይጠይቁን›› አሉ። ጻፍኩ፤ መልስ የለም።

መርፌው የተቋረጠበት ልጅ ሩማቲክ ትኩሳቱ ሊመለስበት፣ የልብ ቫልቩም ሊብስበት ይችላል። በተጎዳ ቫልቭ ላይ ባክቴሪያ ሲሰፍር ደግሞ በደም ሥር ከ4 እስከ 6 ሳምንት አንቲባዮቲክ መውሰድ የግድ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ወረፋውን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ደጅ የጠና ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል።