እግሩ ደሴ፣ ሥራው ኮምቦልቻ

ወሎ ውስጥ እግሩን ያጣ ሰው ሰው ሠራሽ እግር ፍለጋ የሚሄደው ደሴ ነው። የደሴ የአካል ተሃድሶ ማዕከል የከተማዋን ነዋሪ ብቻ አያስተናግድም። ከሰሜን ወሎ፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞንና ከአፋር የተነሱ ሰዎች በሩ ላይ ይገናኛሉ። በወር ደመወዝ የሚከፈልበት የፋብሪካ ሥራ ያለው ግን የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ነው። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያው ናቸው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጤነኛ ሰው ጠዋት ወርዶ ማታ ይመለሳል። አዲስ እግር ያደረገ ሰው ግን ከማዕከሉ ግቢ እስከ ፋብሪካው በር ለመድረስ ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል፤ መንገዱን ሳይጨርስ የሚቀርም አለ። ጥፋቱ የዳገቱ ብቻ አይደለም።

ከእግሩ እንጀምር። ሰው ሠራሽ እግር ከሱቅ ተመርጦ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። መጀመሪያ የቀዶ ጥገናው ቁስል መዳን አለበት። ቀጥሎ የቀረው የእግር ክፍል እብጠቱ እንዲጎድልና ቅርጽ እንዲይዝ ለሳምንታት በፋሻ በዘዴ ይጠመጠማል። በዚህ ጊዜ ጉልበቱ ወይም ዳሌው እንደታጠፈ እንዳይደርቅ የሰውነት እንቅስቃሴ ካልተሠራ፣ በኋላ የሚገጠመው እግር የቱንም ያህል ቢያምር ሰውየውን አያራምደውም። ባለሙያው የቀረውን እግር በጀሶ ፋሻ ጠቅልሎ ይለካል፤ ከልኬቱም የጀሶ ቅርጽ ያወጣል። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ በምድጃ ግሎ በቅርጹ ላይ ሲለበጥ እግሩ የሚገባበት ማቀፊያ ይሆናል። ከሥሩ ቧንቧና የእግር መዳፍ ይገጠምለታል። ከዚያ በሁለት ትይዩ ብረቶች መካከል የእርምጃ ልምምዱ ይጀመራል። ከጉልበት በታች የተቆረጠና ከጉልበት በላይ የተቆረጠ ሰው እዚህ ላይ ዕጣቸው ይለያያል። የመጀመሪያው የራሱ ጉልበት ስላለው ቶሎ ይራመዳል፤ ሁለተኛው ጉልበትን ራሱን እንደገና መማር አለበት።

ይህን ርካሽና በቀላሉ የሚጠገን የፕላስቲክ አሠራር ያዳበረው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው የአካል ተሃድሶ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1979 ሲጀምር ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዷ ነበረች። የደሴውን ጨምሮ በየክልሉ ያሉ ማዕከላት በጥሬ ዕቃም በሥልጠናም ለረጅም ጊዜ የቆዩት በእሱ ድጋፍ ነው።

ደሴ የሚመጣውን ሁሉ ጦርነት ያመጣው የሚመስላቸው አሉ። የደርግ ዘመን፣ የኤርትራ ጦርነት፣ የቅርቡ የሰሜን ጦርነት በእርግጥ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ትውልድ ልከዋል። ግን ፖሊዮ አለ፤ የመኪና አደጋ አለ፤ እግርን ከጣት ጀምሮ የሚበላው የስኳር ሕመም አለ። በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን ሲታከም የኖረው የሥጋ ደዌ አለ። በተለይ የሚያንገበግበው ግን የወጌሻው ነው። ተራ ስብራት የደረሰበት ልጅ በሸንበቆ ተጠፍሮ ይታሰራል፤ ማሰሪያው ከመጥበቁ የተነሳ ደም ይቋረጣል፤ እግሩ ጠቁሮ ሆስፒታል ሲደርስ ከመቁረጥ ሌላ ምርጫ የለም። የአገራችን ሐኪሞች ስለዚህ ጉዳይ ደጋግመው ጽፈዋል። ወጌሻን ሰድቦ ማለፍ ቀላል ነው። ሆኖም ሆስፒታሉ ሩቅ፣ ወጌሻው ጎረቤት በሆነበት ገጠር ማን ማንን ይወቅሳል?

ማዕከሉ ሰውየውን አራምዶ ይሸኘዋል። ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል፤ የተቋቋመውም ለዚሁ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን መንገድ የሚመለከተው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ነው ነገሩ የሚደፈርሰው።

ለምሳሌ ያህል ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ እግሩ በማሽን የተጎዳ አንድ ሠራተኛ እናስብ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለዚህ ሰው ጥሩ ቃል አለው። አሠሪው የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል፤ አስፈላጊ የሆነ ሰው ሠራሽ አካልም በዚሁ ውስጥ ይካተታል። ደመወዙ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት 75 በመቶ፣ የቀሩትን 6 ወራት 50 በመቶ ሆኖ ይቀጥላል። ያው ሰው እግሩን ያጣው በሥራ ላይ ሳይሆን በስኳር ሕመም ቢሆን ኖሮ የሚሰጠው 6 ወር ብቻ ነበር፤ 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ 2 ወር በግማሽ፣ 3 ወር ያለ ክፍያ። ቁስሉ እስኪድን፣ እብጠቱ እስኪጎድል፣ ልኬቱ እስኪወሰድ፣ እግሩ ተሠርቶ ልምምዱ እስኪያልቅ የሚወስደውን ጊዜ አስታውሱና ከዚህ የጊዜ ገደብ ጋር አስተያዩት። ደመወዙ የሚያልቀው ገና ሰውየው በብረቶቹ መካከል ሳለ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ሰውየው ቦርድ ፊት ይቀርባል። የሕክምና ቦርዱ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይወስናል፤ ካሣው ወይም ጡረታው በዚያ ይሰላል። በዚሁ አዋጅ አንቀጽ 24 መሠረት ሠራተኛው በከፊልም ሆነ በሙሉ በዘላቂነት የመሥራት ችሎታውን አጥቶ መሥራት ካልቻለ የሥራ ውሉ በሕግ ይቋረጣል። በከፊል የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ቦርዱ የሚመዝነው የጠፋውን አካል ነው እንጂ የቀረውን ሰው ከሥራ መደቡ ጋር አያስተያይም። የማሽን ጥገና ሠራተኛ የነበረ ሰው መጋዘን ውስጥ ዕቃ መመዝገብ፣ የጥራት ቁጥጥር ወንበር ላይ መቀመጥ ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ ወገን በሂደቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ በቦርድ ወጣ ይባልና ካሣውን ይዞ አገሩ ይገባል። ፋብሪካው ሕግ አልጣሰም፤ ቦርዱም ሥራውን ሠርቷል።

በሌላ በኩል አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለ። አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት እንዲኖራቸው የወጣ ሕግ ነው፤ ቀዳሚው 101/1986 ነበር። በእኩል ወይም በተቀራራቢ ውጤት ላይ ያለ አካል ጉዳተኛ በቅጥርና በዕድገት ቅድሚያ እንዲያገኝ፣ አሠሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ለእሱ እንዲያመቻች ያዛል። አድልዎ ተፈጸመብኝ ያለው ሰው የማስረዳት ሸክም እንዳይኖርበት ማድረጉ ደግሞ በአገራችን ሕግ ብዙም ያልተለመደ ድፍረት ነው። አገሪቱ የዓለም ሥራ ድርጅትን ስለ አካል ጉዳተኞች የሙያ ተሃድሶና ሥራ የሚናገር ስምምነት ቁጥር 159 በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአዋጅ 676/2002። ወረቀቱ ሞልቷል። 568ን የጣሰ አሠሪ የሚቀጣው ግን ከ2000 እስከ 5000 ብር ነው። 2000 ብር ዛሬ የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ነው።

አዋጅ 568 እና አዋጅ 1156 አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አንዱ አመቻችለት ይላል፤ ሌላው ውሉ ተቋርጧል ይላል። ፋብሪካው የሚመርጠው የሚቀለውን ነው።

ቢሮዎቹም እንዲሁ ተለያይተዋል። ቀድሞ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ በአንድ ሚኒስቴር ጥላ ሥር ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1263 ሥራው ወደ ሥራና ክህሎት፣ ማኅበራዊ ጉዳዩ ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሄደ። ቀዶ ጥገናው ድሮም ጤና ሚኒስቴር ነው። እግር የተቆረጠበት ሆስፒታል፣ እግር የተሠራበት ማዕከል፣ ሥራ የሚመዘገብበት ቢሮ የየራሳቸው መዝገብ አላቸው፤ ሰውየውን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው የራሱ ክራንች ብቻ ነው።

ደሴን የሚያውቅ ይህ መሻገር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከተማዋ በጦሳና በአዝዋ መካከል ተጣብቃ፣ ሰፈሮቿ በዳገት ላይ ተንጠልጥለው የቆሙ ናት። በእጅ የሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ይሠራል፤ ደሴ ላይ ግን ሽቅብ የሚገፋ ሰው ካልተገኘ የቤት ዕቃ ሆኖ ይቀራል። ባጃጅ በየቀኑ መኮናተር የቀን ገቢን ይበላል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚገባና ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። የሥራ ማስታወቂያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ በተለጠፈበት ከተማ ይህን አንቀጽ ማስታወስ ግን ቀልድ ይመስላል።

ወደ ፋብሪካው ወለል እንግባ። የኢንዱስትሪ ልብስ ስፌት ማሽን ፍጥነቱ የሚታዘዘው በእግር ፔዳል ነው፤ ጨርቁን የሚይዘውን ክፍል ከፍ የሚያደርገው ደግሞ በጉልበት የሚገፋ ማንሻ ነው። ስለዚህ ቀኝ እግሩን ያጣ ሰው ለመስፋት አይሆንም ይባላል። ፔዳሉን ወደ ግራ ማዞር፣ ማንሻውን በእጅ የሚሠራ ማድረግ ግን ፋብሪካው ውስጥ ያለ የጥገና ክፍል የማይሳነው ሥራ ነው። ፖሊዮ የያዛቸው ልብስ ሰፊዎች በየገበያው ሲንጀራቸውን በእጅ እያሽከረከሩ ስንት ዘመን ኖረዋል። ለረጅም ሰዓት መቆም ለሚያስፈልገው የመቁረጫ ጠረጴዛ ከፍ ያለ ወንበር፣ ለፈረቃ ሠራተኛ በር ድረስ የሚመጣ ሰርቪስ፣ መጸዳጃ ቤት ውስጥ አንድ የግድግዳ እጀታ ቢኖር በቂ ነው። አዋጅ 568 አመቻቹ የሚለው ይህን ነው፤ ገንዘቡ ፋብሪካን አያከስርም።

ይህን ሁሉ ስል ኮምቦልቻ ለጤነኛውም ሥራ እንዳጣች መርሳት አይቻልም። ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው እስከ ኅዳር መጨረሻ ሲቆዩ የደሴ ሆስፒታልም ፋብሪካዎቹም ተዘርፈዋል፤ የተሃድሶ አገልግሎቱም ተቋርጦ ነበር። ከተሞቹ በተለቀቁ በወሩ ውስጥ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ገበያ አስወጣች። ለውጭ ገበያ የሚሰፋ ፓርክ በዚያ ሁኔታ ውስጥ ለማን ወንበር ያመቻቻል? ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገዶችን በየጊዜው ይዘጋል፤ ቀጠሮ ያለው ሰው ከወረዳው መውጣት ያቅተዋል። ተጨማሪ ቁስለኛ የሚያመጣው ነገር ራሱ ወደ ማዕከሉ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ደግሞ የሥራ ውል ላለው ሰው ነው። ወደ ደሴ የሚወጣው አብዛኛው ሰው ግን ገበሬ ነው፤ አሠሪው በሬው ነው። በጭቃ ማሳ ላይ የጎማ መዳፍ ይሰምጣል፤ በዳገት እርሻ ላይ ሞፈር ጨብጦ በአንድ ጉልበት መቆም አይቻልም። ስለዚህ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ ጎተራው በግማሽ ይጎድላል። ቀጥሎ ሴፍቲኔት ይመጣል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደቡብ ወሎን ከሸፈኑት ፕሮግራሞች ትልቁ ይህ ነው፤ ጉልበት ያለውን በማኅበረሰብ ሥራ፣ ጉልበት የሌለውን በቀጥታ ድጋፍ ይይዛል። እግር ያጣ ሰው የሚመዘገበው ቀጥታ ድጋፍ ላይ ነው። እህሉ ወይም ብሩ ቤተሰቡን ያተርፋል፤ ይህን የሚንቅ ሰው ረሃብን አያውቅም። ሆኖም መሥራት የማይችል ተብሎ አንዴ የተጻፈን ሰው ማነው ተመልሶ ዶሮ ላርባ፣ ንብ ልያዝ፣ ብድር ስጡኝ ሲል የሚሰማው? ከተማ የገባውም ሎተሪ ያዞራል፤ ሚዛን ይዞ መንገድ ዳር ይቀመጣል። ሥራ ነው፤ ሰው ግን የሚመጸውትበት እንጂ የሚገዛበት አይመስለውም።

ምጽዋቱን በሙያ ለመተካት የሚጥሩ ግን አሉ። ከወሎ ሳይንት የተነሳችው የትነበርሽ ንጉሤ ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝታለች። ከመሥራቾቹ አንዷ የሆነችበት የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችና ልማት ማዕከል አካል ጉዳተኞች ከሌላው ተማሪ ጋር በአንድ ክፍል ሙያ እንዲሠለጥኑ ሲጥር ቆይቷል። ደሴ ወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክ አላት፤ ኮምቦልቻም የራሷ ኮሌጅ አላት። ለእነዚህ ኮሌጆች ከተሃድሶ ማዕከሉ በቀጥታ ተማሪ ቢላክ የሚከለክል ሕግ የለም።

የተጎዳን ሠራተኛ ወደ ሥራ የመመለሱን ጉዳይ ማሌዥያ እ.ኤ.አ. በ2007 በሌላ መንገድ ያዘችው። የሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ድርጅቷ አንድ ሠራተኛ ሲጎዳ ጉዳዩን የሚከታተል ሰው ይመድባል። ይህ ሰው ሐኪሙንም አሠሪውንም ያነጋግራል፤ ወደ ቀድሞው መደብ መመለስ ካልተቻለ በዚያው ድርጅት ሌላ መደብ ይፈልጋል፤ ያም ካልሆነ ሥልጠና ያስገባል። ካሣው አይቀርም፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ስንት ይከፈለው ሳይሆን መቼ ይመለስ የሚል ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ከደሴና ከኮምቦልቻ የተሻለ መሞከሪያ አይታየኝም። ማዕከሉ አንድ ነው፤ ትልልቆቹ አሠሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ርቀቱ አጭር ነው። የሚያስፈልገው አዲስ አዋጅ አይደለም። ደመወዙ ሙሉ በሆነባቸው 3 ወራት ውስጥ ከሆስፒታሉ ወደ ፋብሪካው ስልክ የሚደውል አንድ ባለሙያ፣ ቦርዱም ከመቶኛው ጎን ሰውየው ሊሠራቸው የሚችላቸውን መደቦች እንዲጽፍ የሚያዝ አንድ መመሪያ ይበቃል።

ወደ ሥራ ተመልሶ የገባውም ቢሆን ጉዳዩ በዚያ አያልቅለትም። ሰው ሠራሽ እግር ያረጃል። የአዋቂ ሰው እግር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይቀየራል፤ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ደግሞ በየዓመቱ ግድም አዲስ ይፈልጋል። በመካከሉ ማሰሪያው ይበጠሳል፤ መዳፉ ያልቃል፤ ሰውየው ሲከሳ ወይም ሲወፍር ማቀፊያው አልገጥም ብሎ ቆዳውን ያቆስላል። ስምንት ሰዓት ፈረቃ የሚቆም ሰው ዘንድ ይህ ሁሉ ይፈጥናል። ያኔ ሐረጎን ሽቅብ ወጥቶ ደሴ መሰለፍ ነው፤ ጥሬ ዕቃው ከሌለ ነገ ይባላል፤ ነገም ላይኖር ይችላል። በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረና በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሠራተኛ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ሊሰናበት ይችላል። እግር ለማስጠገን የሚውልበት ቀን የሕመም ፈቃድ ይሁን የዓመት ፈቃድ፣ ወይስ ቀሪ፣ አዋጁ በግልጽ አያስቀምጥም። ለጊዜው የሚወስነው የፈረቃ አለቃው ነው።