«መስኮቱን ዝጉት!»፦ በወለጋ መንገድ የሚፈራውና የሚያሳምመው

ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡሱ ሆለታን፣ ጊንጪንና አምቦን አልፎ በጌዶ ደጋ ብርድ ይቀበለዋል፤ 1,650 ሜትር ላይ ያለችው ባኮ ሲደርስ ሹራብ ያስወልቃል፤ ከስሬ በኋላ እንደገና ሽቅብ ወጥቶ 2,088 ሜትር ከፍታ ላይ ነቀምቴ ይገባል። ወደ ጊምቢ፣ ወደ ነጆ ወይም ወደ ደምቢ ዶሎ የሚቀጥለው መንገደኛ ደግሞ የዴዴሳን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ይጠብቀዋል። በአንድ ጉዞ ደጋውንም ቆላውንም ያየ ሰው ቤቱ ገብቶ ቢያመው ጥፋተኛ አያጣም፤ ንፋሱ፣ ፀሐዩ፣ የምሳው ወጥ፣ ድካሙ።

ብዙ ጊዜ ታዲያ የሚከሰሰው ንጹሑ ነው። በመናኸሪያ፣ በምሳ ቤትና በአልጋ ቤት ከሚነገሩት መካከል የተለመዱት ስምንቱ ከእውነታው ጋር ሲተያዩ እንዲህ ናቸው።

ተረት 1፦ በአውቶቡስ ውስጥ የሚያሳምመው የመስኮት ንፋስ ነው

አንድ ወጣት መስኮቱን ገርበብ ሲያደርግ ከኋላ በኦሮምኛም በአማርኛም ተቃውሞ ይነሣል። «ኧረ ልጄ ዝጋው፣ በብርድ ልትፈጀን ነው!» ይላሉ አንዲት እናት፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው እየሳቡ። ልጁ ትልቅ ሰው አክብሮ ይዘጋዋል። ከዚያ ወዲያ ስድሳ የሚያህል ሰው አንዱ ያስወጣውን ትንፋሽ ሌላው እየሳበ ለሰዓታት ይጓዛል።

እውነታው፦ ጉንፋን ከቫይረስ እንጂ ከንፋስ አይመጣም። በእንግሊዝ አገር በሳልዝበሪ ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው የጉንፋን ምርምር ማዕከል ነገሩን በሰው ላይ ሞክሮታል። ፈቃደኞችን ሙቅ ውሃ ካስታጠበ በኋላ እርጥብ የዋና ልብስ እንደለበሱ ንፋስ በሚነፍስበት ኮሪደር አቁሟቸዋል፤ እርጥብ ካልሲ አስለብሶ አውሏቸዋል። ቫይረሱ ያልተሰጠው ሰው ተንቀጠቀጠ እንጂ ጉንፋን አልያዘውም።

የተዘጋው መስኮት ግን በእርግጥ ያሳምማል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። የቲቢ ባክቴሪያ ከሚያስል ሰው ወጥቶ አየር በማይንቀሳቀስበት ቦታ ለሰዓታት ተንሳፍፎ ይቆያል። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ በስምንት ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በርና መስኮት ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል እንደሚለወጥ አሳይቷል፤ ዘመናዊ የአየር ማናፈሻ መሣሪያ ከተገጠመላቸው ክፍሎች በእጥፍ የሚበልጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ወደ አገር ሲገባ የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ እንዲጭን የታዘዘውም ይኸው የጋራ ትንፋሽ ስለሚፈራ ነበር።

የእናትየው ብርድ ግን እውነተኛ ብርድ ነው፤ ሕፃን ያቀፈች ሴት ንፋስ መሸሿም አያስወቅስም። መፍትሔው ለሚበርደው ጋቢ፣ ለሁሉም አየር ነው። በግራም በቀኝም አንድ አንድ መስኮት በእጅ መዳፍ ስፋት ቢከፈት አየሩ ከዳር እስከ ዳር ያልፋል። አስፋልት ባልለበሰው መንገድ አቧራ ሲነሣ ዘግቶ፣ አቧራው ሲያልፍ መልሶ መክፈት ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው ሰው ደግሞ ከመሳፈሩ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታውን ቢያስመረምር ራሱንም አጠገቡ የሚቀመጠውንም ያተርፋል።

ተረት 2፦ መኪና ላይ የሚያስመልሰው ሰው በሽታ ያጋባል

እውነታው፦ ረዳቱ ፌስታል የሚያድለው ለመንገድ ሕመም ነው፤ ጀርም የለበትም። የጆሮ ውስጠኛ ክፍል «እየተንቀሳቀስን ነው» ሲል ዓይን ደግሞ የፊቱን ወንበር እያየ «ቁጭ ብለናል» ሲል አንጎል ይምታታበታል፤ ሆድም ይገለበጣል። ከፊት መቀመጥ፣ ሩቅ አድማስ ማየት፣ ስልክ አለማንበብ፣ ቀለል ያለ ነገር ቀምሶ መነሣትና ንጹሕ አየር ይረዳሉ። ትውከቱ ከውሃ መሰል ተቅማጥ ጋር ከመጣ ግን የመንገድ ሕመም ሳይሆን የጤና ባለሙያ ጉዳይ ነው።

ተረት 3፦ ጥሬ ሥጋ በአረቄ ከተከተለ ጀርሙ ይሞታል

እውነታው፦ አይሞትም። ጠንካራ የሚባለው ዳግም አረቄ እንኳ አልኮሉ 45 በመቶ አካባቢ ነው፤ እጅ ለማጽዳት የሚሠራ ሳኒታይዘር ቢያንስ 60 በመቶ መሆን አለበት። አረቄውም ከሆድ ውስጥ ውሃና ምግብ ጋር ሲደባለቅ ይበልጥ ይቀጥናል። ኮሶ የሚባለው ትል እንቁላል መሰል ከረጢቱን ይዞ በከብቱ ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ይመጣል፤ ሚጥሚጣም አዋዜም አይደርሱበትም። አንጀት ከገባ በኋላ በርካታ ሜትር ሊረዝም ይችላል። የሚገድለው እስከ መሐሉ የደረሰ እሳት ነው። በጉዞ ላይ ያለ ሰው ጥብሱን «በደንብ ይብሰል» ብሎ ቢያዝ ከአረቄው የተሻለ መድኃኒት አገኘ ማለት ነው።

ተረት 4፦ እጅ ውሃ ከነካው ታጠበ፤ ሳኒታይዘር ካለ ደግሞ ሳሙና አያስፈልግም

ለምሳ የቆመ አውቶቡስ ተሳፋሪ እጁን ሲታጠብ ማየት በቂ ነው። አብዛኛው የቀኝ እጁን ጣቶች ብቻ ከቧንቧው ሥር አስገብቶ ያወጣል። ቁራጭ ሳሙና አለ፤ የሚያነሣው ግን ጥቂት ነው። ከዚያ እጅ ለእጅ ሰላምታ፣ የጋራ ትሪ፣ ጉርሻ ይከተላል፤ በአንድ ጉርሻ የአንዱ ጣት የሌላው አፍ ውስጥ ይገባል።

እውነታው፦ ጀርሙን ከእጅ የሚያላቅቀው ሳሙናውና ፍትጊያው ነው፤ ውሃው ጠርጎ ይወስደዋል። ሃያ ሰከንድ ያህል፣ ሁለቱን እጅ፣ በጣቶች መሐልና በጥፍር ሥር መፈተግ ያስፈልጋል። ሳኒታይዘር ሳሙና በሌለበት ይረዳል፤ ቅባትና አፈር በያዘ እጅ ላይ ግን ኃይሉ ይደክማል። ኖሮቫይረስ የሚባለውን የተቅማጥና የትውከት ቫይረስም በደንብ አይገድልም። ይህ ቫይረስ ሽርሽር የሚያደርጉ የቅንጦት መርከቦችን ደጋግሞ የሚያጠቃ ነው፤ ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ማዕድ ቤት በሚመገብባቸው በእነዚህ መርከቦችም ቀዳሚው ምክር በውሃና በሳሙና መታጠብ ነው። በመርከብ ላይ የሚሠራው ምክር በባኮም በስሬም ይሠራል። ኢትዮጵያ ውስጥ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከባሌ ተነሥቶ ወደ ብዙ ክልሎች የተዛመተው ኮሌራም ዋና መንገዱ የተበከለ ውሃ፣ ምግብና ያልታጠበ እጅ ነበር።

ተረት 5፦ ጥርት ያለ ውሃ ንጹሕ ነው፤ ሆድ ከታመመ ደግሞ አምቦ ውሃ ያሽራል

እውነታው፦ ጀርም በዓይን አይታይም። ከምንጭ ኩልል ብሎ የሚወርድ ውሃ ከላዩ ከብት ከዋለ ወይም መጸዳጃ ካለ ተበክሏል። ማፍላት አስተማማኝ ነው፤ ውሃ በከፍታ ቦታ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት ይመከራል። ነቀምቴና ሻምቡ ከዚህ መስመር በላይ ናቸው። ማፍላት ካልተቻለ እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። በመንገድ ላይ «ሃይላንድ» ሲገዛ ክዳኑ ማኅተሙ ያልተነካ መሆኑን ማየት ይገባል።

እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ የሚታሸገው አምቦ ውሃም በዚሁ መንገድ ላይ ያለችው የአምቦ ከተማ ኩራት ነው። ታሽጎ ከመጣ ለመጠጥ አያሠጋም፤ ተቅማጥ ግን አያቆምም፤ የጠፋውን ጨውና ስኳርም በሚገባው መጠን አይተካም።

ተረት 6፦ ከላሟ በቀጥታ የታለበ ወተት ከሁሉም ይነጻል

እውነታው፦ ላሟ ብሩሴሎሲስ ወይም የከብት ቲቢ ካለባት ጀርሙ ከወተቱ ጋር ይወጣል፤ መርጋቱም አስተማማኝ ጥበቃ አይሆንም። በወለጋ ገጠር እንግዳ ጩምቦ የሚባለው ምግብ በቅቤና በእርጎ ሲቀርብለት እምቢ ማለት ይከብደዋል። ወተቱ ከመርጋቱ በፊት አንዴ ቢፈላ ግን አስተናጋጇም አታፍር፣ እንግዳውም አይሰጋ።

ተረት 7፦ አንቲባዮቲክ ቀድሞ የዋጠ መንገደኛ አይታመምም

ቦርሳቸው ውስጥ ሲፕሮ፣ አሞክሳሲሊንና ፍላጂል ይዘው የሚጓዙ ብዙ ናቸው። ሆዱ ጎርበጥ ያለው አንድ ፍሬ ይውጣል፤ ሲሻለው ይተወዋል፤ የተረፈውን አጠገቡ ለተቀመጠው ያካፍላል።

እውነታው፦ አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም፤ የመንገድ ተቅማጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ በራሱ የሚያልፍ ነው። ያለ ምርመራና በጎደለ መጠን የሚዋጥ መድኃኒት የሚያተርፈው የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ነው፤ በኋላ በእውነት ሲያስፈልግ አይሠራም። ተቅማጥ የሚገድለው በድርቀት ነው። ስለዚህ ከክኒኑ ይልቅ የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት መያዝ ይሻላል፤ አንዱ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ከሌለ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ልክ ተሰፍሮ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ቶሎ ቶሎ ፉት ይባላል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ወይም ሽንት መጥፋት ካለ ግን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው።

ተረት 8፦ ነቀምቴ ደጋ ስለሆነች ወባ የለም፤ ከጉዞ በኋላ የመጣው ትኩሳት ምች ነው

ይህኛው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

እውነታው፦ በኢትዮጵያ ወባ በአብዛኛው የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው፤ ድንበሩ ግን የግንብ አጥር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣው ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር አዳርሶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ኦሮሚያ ከፍተኛውን ድርሻ ይዛለች፤ በምዕራቡ በኩል የጸጥታው ችግር ሕክምናውንም መከላከሉንም አክብዶታል።

ነቀምቴ ውስጥ በትንኝ ያልተነደፈ ሰውም በወባ ሊታመም ይችላል። ዴዴሳ ያደረ ነጋዴ፣ ከአንገር ጉቲን የተመለሰ ገበሬ፣ ከፊንጫ ሸንኮራ እርሻ ወደ ሻምቡ የወጣ ሠራተኛ ጥገኛውን በደሙ ይዞ ይመጣል። ከባዱ የወባ ዓይነት ፋልሲፓረም ምልክቱን የሚያሳየው ከተነደፉ ከሰባት እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ፣ አንዳንዴም ዘግይቶ ነው። ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ትኩሳቱ ሲመጣ ጉዞው ተረስቷል፤ የትናንቱ ፀሐይ ይከሰሳል፤ «ምች ነው» ይባልና ዳማ ከሴ ይታሻል።

ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስልም የምች ማስረጃ ተደርጎ ይቆጠራል። እሱ ግን በብዙ ሰው ሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚኖር የሄርፒስ ቫይረስ ነው፤ በማንኛውም ትኩሳት ምክንያት ይቀሰቀሳል፤ በወባ ትኩሳትም ጭምር። የቆሰለ ከንፈር ታዲያ ወባ የለም ማለት አይደለም። የዳማ ከሴ ሽታ ያዝናና ይሆናል፤ የወባ መድኃኒት ግን አይደለም።

ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ በአብዛኛው የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ቆላ የሚያድር ሰው አልጋ ቤቱን «አጎበር አላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ማታ እጅና እግሩን ቢሸፍን ብዙ ነገር ያተርፋል፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት። ሕክምናውም እንደ ወባው ዓይነት ይለያያል፤ ለፋልሲፓረም ኮአርተም፣ ለቫይቫክስ ክሎሮኪንና ፕሪማኪን ይሰጣል። ዓይነቱን የሚለየው ምርመራ እንጂ የጎረቤት ግምት አይደለም።

ከወለጋ ቆላ የተመለሰ ሰው በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ከተሰማው በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙን ያስመርምር፤ ሕፃንና ነፍሰ ጡር ደግሞ አንድ ሌሊትም አይደሩ። ነቀምቴ ሆስፒታሎች አሏት፤ ጊምቢ የአድቬንቲስት ሆስፒታል፣ አይራ የመካነ ኢየሱስ ሆስፒታል አላቸው፤ ምርመራው በጤና ጣቢያም ይሠራል። ለባለሙያው መጀመሪያ የሚነገረው «ምች መታኝ» ሳይሆን የት የት እንዳደሩ ነው። ከጣት ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ወስዶ ውጤቱን ለማወቅ ሃያ ደቂቃ ያህል ይበቃል።